ኢንጂነር ባድሩና ቀዩ ሞተር

ሳይነዳ የሚያስነዳ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ኳስ ነክቶ የማያውቅ አሠልጣኝ፣ ሦስት ትዳር አፍርሶ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ዋና ሳይችል ከዳር ቆሞ "እግርህን አንሳ እንጂ!" የሚል መካሪ፣ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ይደርሳል። ደሴ ብዙ አላት፤ ኮምቦልቻም አታጣም። ለሐይቅ ከተማ የደረሳት ግን የሁሉም የበላይ፣ ክቡር ኢንጂነር ባድሩ ነበር።

ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለችው የባጃጅ መለዋወጫ ሱቁ ደጃፍ የሚሰበሰቡ ሾፌሮች ናቸው "ኢንጂነር" ያሉት። መጀመሪያ ሊያሾፉበት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ፌዙ ተረሳና ማዕረጉ አብሮት ቀረ። ባድሩ የሚሸጠው የባጃጅ ፍሬን ሸራና ካንዴላ ነው። የሚያወራው ግን ስለ ባጃጅ አይደለም፤ ባጃጅ እንጀራው ናት እንጂ ወሬው አይደለችም። ወሬው የውድድር ሞተር ነው፤ ያ ነጂው በሆዱ ተለጥፎበት፣ በክብ አስፋልት ላይ ጉልበቱ መሬት እስኪልስ ተጋድሞ የሚታጠፈው። ውድድሩን በስልኩ ያያል። ካርታ ላይ አሳየን ቢሉት በማያገኛቸው አገሮች የትኛው ኩርባ ወደ ግራ፣ የትኛው ወደ ቀኝ እንደሚጠመዘዝ፣ የት ላይ ፍሬን እንደሚያዝ በቃሉ ይዞታል።

ዕውቀቱን ደግሞ አይሰስትም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟች ልጅ "አባቴ ድንገት ነው ልቡ የቆመው" ቢለው፣ ኢንጂነሩ ራሱን በሐዘን ነቀነቀና "ሙቀት ነው" አለ። "ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ማቀዝቀዣው ደክሞ እያለ ከተነዳ ድንገት ይይዛል።" አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ዝናው በክርኑ ጎሸም ባያደርገው ኖሮ ስለ ዘይት ሊቀጥል ነበር። ሌላ ጊዜ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለገበያ የወጡ አንድ አባት በቅሎ ሊገዙ ሲያማርጡ አገኛቸው። "አባ፣ በቅሎ ባለ አንድ ፒስተን ናት" አላቸው። "ዳገት ላይ ጉልበት አላት። ኩርባ ላይ ግን ጉልበትዎ መሬት እስኪነካ አያጋድሟትም።" አባ በቅሎዋን ትክ ብለው አዩዋት። "ልጄ፣ እንዲያ የምታደርግ ብትሆን እኮ አልገዛትም ነበር" አሉት።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው አንድ ጥያቄ ነበር። አንድ ሰው ለክብ መወዳደሪያ መካከለኛ ሞተር ቢገዛ፣ ባለ አራት ፒስተኑን ባለ ስድስት መቶ ሲሲ ይምረጥ ወይስ ባለ ሁለት ፒስተኑን ባለ ስድስት መቶ ሃምሳ? ባለ አራቱ ጉልበቱ የሚመጣው ሲጮህ ነው፤ ካልጮኸ ሰነፍ ነው፣ ከጮኸ ግን የሚይዘው የለም። ባለ ሁለቱ ገና ከመነሻው ይጎትታል፤ ለተሳሳተ ነጂም ይቅር ባይ ነው። ባድሩ ሰኞ ባለ አራቱን ይመርጥና ማክሰኞ ንስሐ ይገባል። ሐይቅ ውስጥ ሁለቱንም ያየ ሰው ባይኖርም ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አሣ የሚሸጡት ባለ ሁለቶች፣ ሾፌሮቹ ባለ አራቶች።

ባለቤቱ ሰዓዳ ብቻ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር። ክቡር ኢንጂነር ሞተር መንዳት አይችልም። ብስክሌት እንኳ አይችልም። ልጅ ሆኖ ከኪራይ ብስክሌት ላይ ወድቆ መንደሩ ስቆበታል፤ ከዚያ ወዲያ መውደቁን ሳይሆን ሳቁን እንደፈራ አደገ። ሰው "እስቲ ውጣባት" ሲለው አንዴ ወገቡን ያመዋል፣ አንዴ ጾመኛ ነው፣ አንዴ አዲስ ሱሪ ለብሷል።

የለውጡ ሰሞን መጣ። ያኔ የማይሆን ነገር ያለ አይመስልም ነበር። አንድ ባለሀብት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የሞተርና የመኪና መወዳደሪያ ክብ አስፋልት ሊሠራ ነው ተባለና የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ከበሮ ተመታ፣ ሪባን ተቆረጠ። ዝናው ወሬውን እንደሰማ ባጃጁን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ገባ። ዝናው ከባድሩ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ በጣም ጥቂት የሚናገር፣ መሪ ሲይዝ ግን እጁ የተባረከ ሰው ነው።

"ባድሩ፣ እኔ እወዳደራለሁ" አለ።

"በምን? በባጃጅ?"

"የአባቴን ባሕር ዛፍ እሸጣለሁ። ሞተሩን አንተ ትመርጥልኛለህ።"

ባድሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲመልሰው የኖረውን ጥያቄ በእውነት የጠየቀው ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

በዓመቱ አዲስ አበባ ሞተር ሳይክሎችን ከለከለችና ብዙ ሞተር በርካሽ ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ። አንድ የደሴ ነጋዴ ሁለት አመጣ፤ አንዱ ቀይ ባለ አራት፣ አንዱ ሰማያዊ ባለ ሁለት። ሁለቱ ጓደኛሞች ሄዱ። ዝናው ሰማያዊውን ነድቶት ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። "ይኼ የሚታዘዝ ነው" አለ። ቀዩንም ነዳው፤ ሲወርድ የደነዘዙ ጣቶቹን አፍታታ። ከዚያ ቁልፉን ለባድሩ ዘረጋለት። "በል፣ አንተ ደግሞ ሞክራቸው።"

ነጋዴው ቆሟል። የነጋዴው ሠራተኞች ቆመዋል። ባድሩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሁለቱን ሞተሮች ዞራቸው። "ወንድሜ፣ ሞተር በጆሮ ነው የሚታወቀው" አለ። "አስነሱልኝ።" አስነሱለት። እንደ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለአንዱም ለሌላውም አስጠጋ። እውነቱን ለመናገር ከራሱ የልብ ትርታ በቀር የሰማው ነገር አልነበረም። ሰማያዊውን ውሰድ ሊል አፉን ከፈተ፤ የዝናውን ፊት አይቶ ነበርና። ነገር ግን ጓደኛው ነድቶ የመረጠውን እሱ ደግሞ ከደገመ ኢንጂነርነቱ ምኑ ላይ ነው?

"ቀዩን" አለ። "ለክብ አስፋልት ከሆነ ባለ አራቱን ነው። ሰማያዊው የጀማሪ ነው።"

ዝናው ሰማያዊውን አንዴ ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ ቀዩን ገዛ።

ክብ አስፋልቱ አልተሠራም። የመሠረት ድንጋዩ ላይ ፍየሎች ይቆሙበት ጀመር። ቀዩ ሞተርም ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጉድጓድና ኮብልስቶን፣ ከብትና ኬላ እየጠበቀው፣ ጉልበቱ የሚመጣበትን ጩኸት ለመጮህ የሚበቃ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። ዝናው በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ይወለውለዋል፤ እስከ ሱሉላ ይነዳውና እጁ ደንዝዞ ይመጣል። "አሳስተኸኛል" ብሎ ግን አንድ ቀን አልተናገረውም። ባድሩን የበላው ይኼ ነው። ቢሰድበው በሞተር ወሬ ይመልስለት ነበር፤ ዝምታን የሚመልሱበት ወሬ አልነበረውም።

በጥቅምት ሁለት ሺህ አሥራ አራት ጦርነቱ በአምባሰል በኩል ወደ ሐይቅ ቀረበ። ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ሰነበተ፤ አንድ ቀን ማለዳ ድምፁ ከሰው ንግግር በላይ ሆነ፣ ከተማውም ወደ ደሴ መንገድ ፈሰሰ። ዝናው የራሱን ቤተሰብ ቀደም ብሎ ልኮ ነበርና ባጃጁን ይዞ ባድሩ ቤት ደረሰ። የባድሩን እናት እማማ መስኡዳን አቅፎ አወጣቸው፤ ሰዓዳና ልጆቹ ተደራርበው ገቡ። ለተጨማሪ ሰው ጣት የሚያስገባ ቦታ አልቀረም።

"አንተ ሞተሩን አምጣልኝ" አለ ዝናው፣ ቁልፉን ባድሩ እጅ ላይ እያኖረ። "ቤቴ በር ላይ ቆሟል፤ ነዳጁ ሙሉ ነው። ደሴ መናኸሪያ እንገናኝ። እንዲያውም ትቀድመናለህ።"

ሰዓዳ ከባጃጁ ውስጥ አንገቷን አወጣች። ባሏን ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ባድሩ፣ የምትለው ነገር የለህም?"

ጊዜው ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባድሩ ግን ፈገግ አለ።

"አብሽሪ" አላት። "እቀድማችኋለሁ ኢንሻአላህ።"

ባጃጁ ሄደ። ባድሩ ዝናው በር ላይ ሄዶ ቀዩ ሞተር ላይ ወጣ። አስነሳው። በቃሉ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ ፍሪሲዮኑን ያዘ፣ ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀ። ሞተሩ እንደ ደነገጠ ወይፈን ዘለለና ድምፁ ጠፋ፤ ባድሩና ሞተሩ አብረው ተጋደሙ። ዕቃቸውን ተሸክመው የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ምንም ሳይሉ አንስተውለት ሄዱ፤ የሚስቅበት ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም። አንዴ ደገመ። ሁለተኛው አወዳደቅ ከመጀመሪያው ባሰ። ከዚያ ማርሹን ጎማው ነፃ ወደሚሆንበት ወደ ፎሌ መለሰ፣ መሪውን ያዘ፣ ጎንበስ ብሎ ይገፋ ጀመር።

እንግዲህ ያን ቀን የሐይቅና የአምባሰል ሕዝብ ፍራሽ ተሸክሞ፣ በግ እየጎተተ፣ ሕፃን አዝሎ ሲሄድ፣ በመካከሉ ክቡር ኢንጂነር ባድሩ እንደ ንፋስ የሚበር የውድድር ሞተር በእግሩ እየገፋ ነበር። አሮጊት ቀደመችው። አህያ ቀደመችው። "ምን ነካህ፣ ነዳጅ ነው?" ሲሉት "አዎ፣ ነዳጅ" ይላል፤ ይኼኛው ውሸት ለአፍ ይቀላል።

ሱሉላ ሳይደርስ ከሱቁ ደንበኞች አንዱ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ ጁማ፣ ጣሪያው ድረስ ሰው ጭኖ አጠገቡ ቆመ።

"ኢንጂነር! ነዳጅ ጨርሰህ ነው?"

"አዎ፤ ተወው ግን፣ አንተ ሂድ…"

"ኧረ በአላህ! አንተን መንገድ ላይ ጥዬ?" ጁማ ወረደ። ነዳጅ በጠፋበት በዚያ ሰሞን፣ ቱቦ ከታንከሩ ውስጥ ከትቶ በአፉ ሳበና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞላለት። አፉ የገባውን ቤንዚን ተፋ። "በል፣ ደሴ ያደርስሃል" አለና ነድቶ ሄደ። ባድሩ ሙሉ ታንከር ባለው ሞተር አጠገብ የሰው ነዳጅ ይዞ ቆሞ ቀረ። ጆሮው ጋለ። ተጣርቶ ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ይኼን ሁሉ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ያየች ሴት ነበረች። ኑርሀያት ትባላለች። ከአምባሰል ጀምራ ሽማግሌ አባቷን፣ ሸህ አሕመዲንን፣ እየደገፈች መጥታ እዚያ ላይ እግራቸው እምቢ ብሏል። ሮጣ መጣች።

"ወንድሜ፣ አልሃምዱሊላህ ነዳጅ አገኘህ። አባቴን ከኋላህ አድርግልኝ። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ፤ እሳቸውን ብቻ።"

ባድሩ ወገቡ ላይ ያለውን ሕመም አሰበ። ባትሪውን አሰበ። ስንት ሰበብ ነበረው! ሸሁ ከወዲያ ሆነው፣ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን ደግፈው፣ እንደ ልጅ ተስፋ አድርገው ያዩታል። ከኋላ አንድ ከባድ ድምፅ መሬቱን አንቀጠቀጠው።

"እኅቴ" አለ፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። "ነዳጅም አላጣሁ፣ ሞተሩም አልተበላሸ። መንዳት አልችልም።"

"ምን አልክ?"

"አልችልም! ነድቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ የምችል ይመስለዋል።"

ኑርሀያት አየችው። በፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። ባድሩ ሳቅ ቢሆን ይሻለው ነበር።

"መግፋቱንስ ትችላለህ?" አለችው።

"እሱንስ እየቻልኩ ነው።"

ሸህ አሕመዲንን ደግፈው ኮርቻው ላይ አወጧቸው። እሱ መሪውን ይዞ፣ እሷ ከኋላ ሆና ገፉ። ሸሁ ይፈራሉ፤ ከኋላ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩም አብሮ ይወዛወዛል። ባድሩ ይኼን ያየና የሚያውቀውን አንድ ነገር ማድረግ ጀመረ፤ አወራ።

"ሸሄ፣ የተቀመጡበት እኮ አራት ፒስተን ያለው ነው።"

"ምኑ?"

"ውስጡ አራት ልብ አለው በሉት። ተራ በተራ ይመታሉ።"

"ሱብሃነላህ፤ አራት ልብ! እኛ አንዱን መች ቻልነው።" ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካከሉ። "ታዲያ ከአራቱ አንዱ ቢፈራስ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባድሩ አስረዳ። ስለ ኩርባ፣ ስለ ጎማ፣ በዝናብ ስለሚደረግ ውድድር ነገራቸው። ሸሁ "እህ" ይላሉ፣ "ከዚያስ?" ይላሉ፤ የኋላው ድምፅ ሲሰማ እንኳ "ቆይ፣ እሱን ተወውና፣ ከዚያስ ማን ቀደመ?" ይላሉ። ኑርሀያት ከኋላ ስትገፋ አንዴ ትከሻዋ በሳቅ ሲነቃነቅ ሞተሩ ላይ ተሰማው። ባድሩ ግን እያወራም ውስጡ አልቀለለም። ጓደኛውን ደሴ መናኸሪያ ላይ ቆሞ መንገድ መንገድ ሲያይ አሰበው።

ከቦሩ ሜዳ በታች፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። የጁማ ነው። መሄድ የቻለው ተሳፋሪ በእግሩ ሄዷል፤ አራሶችና አቅመ ደካሞች ውስጡ ቀርተዋል። ጁማ ጎማው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።

"ኢንጂነር" አለ ቀና ብሎ። "ነዳጅ ትንሽ ሲያጥረኝ ጊዜ ቆመች እኮ። አንተስ አሁንም ትገፋለህ?"

ባድሩ ሃይላንዱን አወጣ። እንዳለ ነበረ። ጁማ ጠርሙሱን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ባድሩን አየ።

"አልጨመርከውም?"

"ሙሉ ነበር" አለ ባድሩ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው፤ አራሶቹም እንዲሰሙ፣ ሁሉም አንዴ ሰምተው እንዲያልቅ። "ዋሽቼህ ነው። መንዳት ስለማልችል አፈርኩ። እነዚህን ሰዎች ዳገት ላይ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። አምጣ ቱቦህን።"

ቱቦውን ከጁማ እጅ ተቀበለና ቀዩ ሞተር ታንከር ውስጥ ከተተ። በአፉ ሳበ። ቤንዚኑ ጉሮሮውን አቃጠለው፤ አስታወከ፤ ደግሞ ሳበ። ሞተሩ እስኪደርቅ ድረስ ለሚኒባሱ ገለበጠ። ሸህ አሕመዲንን ወደ ውስጥ አስገቧቸው፤ ኑርሀያትም ከጎናቸው ገባች። ቀዩን ሞተር ከመንገዱ ገለል አድርገው ማሽላ ውስጥ አቆሙት፤ ሚኒባሱ ሲነሳ ባድሩ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ወደ ማሽላው ግን ዞሮ ማየት አልሆነለትም።

ደሴ መናኸሪያ ዝናው ቆሟል። ባድሩ ከሚኒባስ ሲወርድ አየውና ወደ እሱ ሮጠ፤ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ፊቱን ዳበሰው።

"ሞተርህን…" አለ ባድሩ።

"ሰዓዳ መንገድ ላይ ነገረችኝ" አለ ዝናው። "ልመለስ ብል ኬላው ላይ አላሳልፍ አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሞተር መጠበቄን ትቼ አንተን ነው የምጠብቀው። ለምን አትነግረኝም ነበር፣ አንተ ሰውዬ?"

ባድሩ ጭንቅላቱን ጓደኛው ደረት ላይ አድርጎ እዚያው ሰው መሀል አለቀሰ።

ሐይቅ ዳግም ሰው የገባባት ታኅሣሥ ላይ ነው። የባድሩ ሱቅ መደርደሪያው እንኳ ተነቅሎ ነበር። ቀዩ ሞተር በማሽላው ውስጥ አልተገኘም። ባድሩ ከደሴ ነጋዴዎች በዱቤ ትንሽ ካንዴላ ይዞ ሱቁን ከፈተ፤ አፉን ግን ዘጋ። ጁማ የዳገቱን ነገር ለአገር ሁሉ በምስጋና ነበር ያወራው። ለባድሩ ግን ምስጋናው ሁሉ ከብስክሌቱ ቀን ሳቅ ተለይቶ አልተሰማውም። "ካንዴላ አለ?" ሲሉት "አለ" ይላል። "የትኛው ይሻላል?" ሲሉት "ሁለቱም ደህና ነው" ይላል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ ይመለሳል። ኢንጂነር ብለው ሲጠሩት ዞር አይልም።

ከተማው ይኼን መቻል አቃተው። ስንት ነገር ተዘርፎ፣ ስንት ነገር ተቃጥሎ እሱን ሁሉ የቻለ ሰው፣ የባድሩን ዝምታ አልቻለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ዝናው፣ ያ ጥቂት የሚናገረው ሰው፣ ድንገት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ባለ አራት ፒስተን ሞተር እኮ" አለ፣ "መጀመሪያ የተሠራው ለጤፍ ወፍጮ ነው።"

ባድሩ ከመደርደሪያው ጀርባ ኬብል ይጠቀልላል። እጁ ቆመ። ከዚያ መጠቅለሉን ቀጠለ።

"ልክ ነህ" አለ ጁማ። "ውድድር ላይም ኩርባ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ነው የሚታጠፉት። እንዳይሞቅ።"

ኬብሉ ከባድሩ እጅ ወደቀ። አነሳው። ከንፈሩን ነከሰ። ሰዓዳ ምሳ ዕቃ ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ዝናው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጎማውም ቢሆን" አለ፣ "ጥርሱ እንደ ትራክተር የበዛ ነው። መሬቱን እንዲቆፍር።"

"ልሙጥ ነው!" ባድሩ ከመደርደሪያው ጀርባ ዘሎ ወጣ። "ኧረ ወላሂ ልሙጥ ነው! የምን ትራክተር? ደረቅ አስፋልት ላይ ልሙጥ ጎማ ነው የሚገባለት! ጥርስ ያለው ለዝናብ…"

ቆመ። ሁሉም ያዩታል። ፊቱ ቀላ፤ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ መልሶ አወጣው።

"ይቅር በሉኝ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ምን አውቃለሁ። ነድቼ አላውቅ።"

"እሱንስ አገር ያውቀዋል" አለ ዝናው፤ ከተቀመጠበት ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት። "ለምን ልሙጥ እንደሆነ ነው የማናውቀው። በል፣ ተቀመጥና ንገረን።"